ቀሚሱን የመለሰው አባት

እስከ ረቡዕ እራት ድረስ ነገሩ ሁሉ በቦታው ነበር። ባሏን ከተማው በሙሉ ይጠላዋል፤ እሷም በዚህ ደስተኛ ነበረች። ዋናውን ሰው ሆኖ የተጫወተበት ፊልም ከተመረቀ ወዲህ የሰፈሩ ባለሱቅ ሴትዮ ሳሙናውንም ስኳሩንም ባንኮኒው ላይ ወርወር አድርጋ ነው የምትሰጠው። አውቶቡስ ውስጥ አንድ ጎልማሳ አጠገቡ ከተቀመጠ በኋላ ፊቱን ልብ ብሎ አይቶ ተነሣና እስኪወርድ ድረስ ቆሞ ሄደ። አንዲት አሮጊት መንገድ ላይ አስቁመው «አንተ ግን ልጅ አለህ?» ብለው ጠየቁት። «የለኝም እማማ» ቢላቸው «ተመስገን» ብለው አለፉ። ማታ ቤት ሲገባ ይህን ሁሉ ቆሞ እያስመሰለ ይተርክላታል፤ ይስቃሉ። በማግስቱ እሷ ደግሞ ፋብሪካ ሄዳ በምሳ ሰዓት ለጓደኞቿ ታወራዋለች። ለዓመታት ባሏ በፊልም ውስጥ በር የሚያንኳኳ ፖሊስ፣ «የቻልነውን ሁሉ አድርገናል» የሚል ሐኪም፣ ወይም ሠርግ ላይ ከኋላ ቆሞ የሚያጨበጭብ እንግዳ ነበር። ያኔ ሌላ ሥጋት ነበረባት። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ጆሮዋ ይቆማል። ፊቱን የምትቀባው ልጅ ስንት ዓመቷ እንደሆነ፣ አብራው የምትሠራዋ ሴት ባል እንዳላትና እንደሌላት፣ ሳታስነቃ አጣርታ ታውቃለች። አሁን ግን ልጇን ለእንዲህ ያለ ሰው የምትመኝ እናት፣ እንዲህ ያለውን ሰው በሕልሟ የምታይ ሴት የለችም። ሁሉም የሚጠላው ሰው ሙሉ በሙሉ የእሷ ነው።

በፊልሙ ባሏ የሚጫወተው አንዲት ልጅ ያለችውን አባት ነው። ልጅቷ ልትዳር ነው፤ አባቷ ቀሚስ ያሰፋላታል። ቀሚሱ ተሰፍቶ ሲመጣ ጉድለት ያገኝበትና ይመልሰዋል። ተስተካክሎ ይመጣል፤ አሁንም ይመልሰዋል። እንዲህ እንዲህ ሲል የሙሽራው ወገኖች ይሰለቻቸውና ይቀራሉ። አይማታም፤ አይሳደብም፤ ድምፁን እንኳ አያነሣም። ታሪኩ ይኸው ነው፤ ከአዳራሹ የሚወጣው ሰው ግን ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ የሚከስሰው ያህል ተቆጥቶ ነው የሚወጣው።

ረቡዕ ማታ ሦስቱም እራት ላይ ነበሩ። ባሏ በመስኮቱ በኩል፣ እሷ ፊት ለፊቱ፣ ታናሽ እህቷ ደግሞ ውኃም ጨውም ሲጎድል ተነሥታ የምታመጣው እሷ ስለሆነች በበሩ በኩል። እህቷን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሚጢ ነው የሚሏት፤ አሁን ቁመቷ ከሁለቱም ይበልጣል፤ ስሙ ግን አልለቀቃትም። እናታቸው ስትሞት ሚጢ ገና ፊደል አልጨረሰችም ነበር። ያሳደገቻትም፣ ያስተማረቻትም፣ ስታገባም ይዛት የገባችው እሷ ናት። አሁን ከቤታቸው ጀርባ ባለው ኮሌጅ ፋርማሲ ተምራ ልትጨርስ ነው። የዚያን ቀን ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ፊልሙን አይታ መምጣቷ ነበር። ሾርባው ተቀድቶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ባሏ የአሮጊቷን ነገር እንደገና ሊጀምር ሲል ሚጢ አንገቷን ሳታነሣ ተናገረች።

«ጋሼ፣ ሰው ክፉ ስለሆንክ የሚጠላህ ይመስለዋል። ክፉማ አይደለህም። ቀሚሱ ላይ ያቺን ክር ስታገኛት ደስ ይልሃል። ፊትህ ላይ አይደለም፤ ትከሻህ ላይ ነው። ትንሽ ወረድ ይላል፤ ቀኑን ሙሉ ሲያስጨንቅህ የዋለ ነገር ያኔ የለቀቀህ ይመስል። እኔ የጠላሁህ እዚያ ላይ ነው።»

ባሏ የያዘውን ዳቦ አስቀመጠ። «ትከሻውን አየሽው?» አላት።

«አየሁታ።»

«ዳይሬክተሩ እንኳ አላየውም» አለ፤ ለሚጢ ሳይሆን ለጠረጴዛው የሚናገር ይመስል ነበር።

ሚስትየው ዓይኗ ለማየት የተሠራ ዓይን ነው፤ እንጀራዋም እሱ ነው። በዚያች ደቂቃ ባሏ ፊት ላይ ያየችው ደስታ አልነበረም፤ ደስታውንማ ታውቀዋለች። ብዙ ዘመን በር ሲያንኳኳ ኖሮ የተከፈተለት ሰው ፊት ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ማውራት ጀመሩ። ሚጢ ስለ እጁ አነሣች፤ እሱ እንዴት እንደተለማመደው ነገራት። ሚጢ ስለ አንድ ዝምታ ጠየቀች፤ እሱ ከወንበሩ ተነሥቶ አሳያት። ሾርባው ላይ ስቡ ረጋ። «ይቀዘቅዛል» አለች ሚስትየው። ትንሽ ቆይታ ደግማ አለች። «እሺ» አሏት ሁለቱም በአንድ ድምፅ፤ ወደ እሷ ዞሮ ያያት ግን አልነበረም። ስለ ትከሻ አንድ ቃል ልትጨምር ፈለገች፤ ፊልሙን ግን አላየችውም።

ይህን ማንም አያውቅባትም ብላ ነው የኖረችው። የተመረቀ ዕለት ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ጠባብ ጫማ ተጫምታ፣ ከተጋበዙት ጋር ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። መብራቱ ጠፋ፤ ያ ለስላሳ ወንበር ዋጣት። ስትነቃ ሰው ሁሉ ቆሞ ያጨበጭባል፤ እሷም ተነሥታ አጨበጨበች። ሲወጡ ባሏ በሰው መሐል ጆሮዋ ሥር ጎንበስ ብሎ «እንዴት ነው?» አላት። «ጥሩ ነው» አለችው። እሷ አንድ ነገር ጥሩ ነው የምትለው ምንም ሳታገኝበት ስትቀር ነው፤ ይህን ደግሞ ከሷ የተሻለ የሚያውቀው እሱ ነው። ሁለተኛ አልጠየቃትም። አለመጠየቁን እንደ መልካም ነገር ቆጥራው ነበር፤ ረቡዕ ማታ ግን አልጋዋ ላይ ሆና ስታስበው ሌላ መሰላት። ያን ጥያቄ ይዞት እየዞረ ቆይቶ፣ ይኸው የሚቀበለው ሰው አግኝቶ አራገፈው። ያም ሰው ከገዛ ማዕዷ የምትበላ፣ እጇን ይዛ ያሳደገቻት እህቷ ናት።

ጠዋት ባሏ ለልምምድ ማልዶ ወጥቶ ነበር። እሷ ሚጢ ሳትነሣ ለአክስታቸው ደውላ ጨረሰች። አክስትየዋ የከተማው ሌላኛው ዳር ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ ጉልበቷን ያማታል፤ ሰው እንዲኖራት ስትለምን ዓመታት አልፈዋል። ሚጢ ፊቷን ታጥባ ወደ ወጥ ቤት ስትመጣ ነገሩ ያለቀለት ነበር።

«ቅዳሜ አክስቴ ጋ ትገቢያለሽ» አለቻት። «ብቻዋን ናት።»

ሚጢ ፎጣውን እንደያዘች ቆመች። ኮሌጁ እዚሁ ደጃፋቸው መሆኑን፣ ከአክስትየዋ ቤት ግን ሁለት አውቶቡስ እንደሚያስኬድና የመጨረሻው ፈተና እንደደረሰ ረጋ ብላ ተናገረች። አውቶቡስ ደግሞ ለምን ተሠራ፣ የሚል መልስ አገኘች። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀራት።

«ምን አጠፋሁ፣ እትዬ?»

ሚስትየው ይህን አልጠበቀችም ነበር፤ ግን መልስ አላጣችም። ወንበር ላይ የሚተወውን እርጥብ ፎጣ ጠቀሰች። ሳይጠፋ የሚያድረውን የመታጠቢያ ቤት መብራት ጠቀሰች። ሁለቱም ከወራት በፊት የሆኑና ያበቁ ነገሮች ናቸው። ከዚያም ትናንት ሚጢ ያጠበችውን አንድ ብርጭቆ ከመደርደሪያው ብድግ አድርጋ «እስቲ» አለችና ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀናችው፤ በአውራ ጣቷ ጠርዙን ዞረችው። «ይኸው። ሳሙናው አለቀቀም።» ሚጢ ብርጭቆውን አላየችም። የእህቷን አውራ ጣት ነበር የምታየው፤ ረዘም አድርጋ አየችው። ከዚያ «እሺ» አለችና ጋዋኗን ይዛ ወጣች። ሚስትየው ብቻዋን ስትቀር ብርጭቆውን እንደገና ብርሃን ላይ ያዘችው። ሳሙና አልነበረበትም። መልሳ አስቀመጠችው።

ፋብሪካው ሸሚዝ ነው የሚሰፋው። እሷ የምትሠራው በመጨረሻው ጠረጴዛ፣ ነጭ መብራት ሥር ነው፤ ከሷ በኋላ ያለው ካርቶን ብቻ ነው። ሠራተኛው ራጅ ይላታል። ሸሚዙን ትዘረጋለች፤ በእጇ ጀርባ ኮሌታውን ገፋ ታደርጋለች፤ ከቀኝ ትከሻ ትጀምርና በውስጥ በኩል ያለውን ስፌት በአውራ ጣቷ ትከተለዋለች። ዓይን የሚስተውን ጣት አይስተውም። የዘለለ ስፌት፣ የተጎተተ ክር፣ አንዱ ከአንዱ በፀጉር ያህል የሚበልጥ እጅጌ፣ ሁሉንም ታገኘዋለች፤ ቀይ ተለጣፊ ትለጥፍበትና ትመልሰዋለች። ከሷ ያለፈ ሸሚዝ ከገዢ ተመልሶ መጥቶ አያውቅም። አጠገቧ የምትቀመጠው ቁልፍ ሰፊዋ አፏ ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤ ያን ቀንም ገና ከመቀመጧ ጀመረች።

«ባልሽን ትናንት ማታ ረግሜልሻለሁ።»

«እነግረዋለሁ፤ ደስ ይለዋል።»

«እንዴት ነው ግን አብረሽው የምትኖሪው? እኔ ብሆን በር ላይ አድር ነበር።»

«ቤት ሲገባ ያወልቀዋል።»

ይቺን መልስ ሁልጊዜ ነው የምትሰጣት፤ ሁልጊዜም ጠረጴዛው ሁሉ ይስቃል። ሳቁ አለቀና ቁልፍ ሰፊዋ ክሯን በጥርሷ በጥሳ፣ የምሬን ነው የምናገረው፣ ሰውየው ግን ይችላል አለች። ያቺ ልጅቷ ከበሩ ኋላ ቆማ፣ እሱ መጨረሻ ላይ ጣቱን እንዲህ ሲያደርግ፣ አለችና ጣቷን አየር ላይ አሳየቻት፤ እሷም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳለች ትንፋሿን እንደዋጠች ነገረቻት። «አንቺ ምን አልሽ እዚያ ላይ?» ሚስትየው ሸሚዙን ገለበጠች። ሁሉም አይቶታል። ቁልፍ ሰፊዋ አይታዋለች፤ ባለሱቋ አይታዋለች፤ አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ የሄደው ሰው አይቶታል። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ ባሏን ያላየችው ሚስቱ ብቻ ናት። በምሳ ሰዓት አለቃዋ ጋ ገብታ ከሰዓት በኋላ እንዲፈቅድላት ጠየቀችው። አለቃዋ እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ በለሆሳስ፣ ማን ሞተ ብሎ ጠየቃት። እሷ ፈቃድ ጠይቃ አታውቅም።

ሲኒማ ቤቱ በዚያ ሰዓት ባዶ ለማለት ምንም አልቀረው። ቲኬት ቆራጯ ከምሳ ዕቃዋ ቀና ሳትል ቆርጣ ሰጠቻት። ውስጡ የአቧራና የወለል ሰም ሽታ ነበረው፤ ወንበሩ ያው ለስላሳው ወንበር ነው፤ ጀርባዋን ሳታስደግፍ ጫፉ ላይ ተቀመጠች። መብራቱ ሊጠፋ ሲል አንዲት ሴትዮ የገበያ ዘንቢሏን ታቅፋ በወንበሮቹ መሐል እየተሹለከለከች መጣች። «ብቻሽን ነሽ? እንግዲያው አጠገብሽ ልቀመጥ» አለቻት። «ብቻዬን ስሆን ስድቡ አይወጣልኝም።» ይሄ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው፤ ቤቷ ያለችውን አማቷን መስደብ ስለማትችል እዚህ እየመጣች ነው የሚወጣላት፤ ይህን ሁሉ ሰውየው ከመታየቱ በፊት ነግራ ጨረሰች።

ከዚያ ባሏ ገባ። በመጀመሪያ ያወቀችው ጃኬቱን ነው፤ ራሷ የተኮሰችው ጃኬት ነው። ልብስ ሰፊው ቀሚሱን ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል። አባትየው አያየውም። ሄዶ እጁን ይታጠባል፤ ጣት በጣት ያደርቃል። ይመጣና ቀሚሱ ላይ ይቆማል። «እስቲ» ይላል፤ ቃሏ ከትንፋሽ አትበልጥም። በእጁ ጀርባ ኮሌታውን ገፋ ያደርጋል። ከቀኝ ትከሻ ይጀምራል፤ አውራ ጣቱ ስፌቱን ይዞ ይሄዳል፤ ይሄዳል፤ ይቆማል። ሚስትየው ነገሩን በሐሳቧ ሳታገኘው ሰውነቷ አገኘው። አውራ ጣቷ የወንበሩን ክንድ ስፌት ይዞ እየሄደ ነበር፤ ባሏ በቆመበት ቦታ ቆመ። ከዚያ ትከሻው ወረደ። ሰው የገዛ ትከሻውን አያይም፤ እሷም አይታው አታውቅም፤ አሁን ግን የእሷም ወረድ እንዳለ ተሰማት።

«አየሽው? አገኘ» አለች ሴትዮዋ ክንዷን ጨብጣ። «ያን ጊዜ ነው ነፍስ የሚዘራው። ጣቱ ይቆረጥ።» ጥቂት ቆይታ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንዲህ ያለ ነገር ከጭንቅላት አይወጣም፣ ቤቱ ውስጥ አንድ ሰው አይቶ ነው አለች። «የሚስቱ እናት ትሆናለች። አማት ናት እንዲህ የምታደርግ።»

ሁለተኛው ጊዜ አለፈ። በሦስተኛው ጊዜ አባትየው ምንም አላገኘም። ጣቱ ዞረ፤ ተመለሰ፤ ያለፈበትን እንደገና አለፈ። ስፌቱ ንጹህ ነው። ልጅቷ ከበሩ ኋላ ሆና ፈገግ ማለት ጀመረች። አባትየው ረጅም ጊዜ ቆመ፤ ከዚያ ጣቱን ምንም በሌለበት ቦታ ላይ አሳረፈና «እዚህ ጋ» አለ። ሴትዮዋ አልተሳደበችም። ልጅቷ መጣችና ቀሚሱን ሳትናገር አጥፋ ወሰደችው።

ሚስትየው ተናደደች። ንዴቱ ግን እንደመጣ ወደ አንድ ቦታ አይሄድም፤ ወደ ሁሉም ይሄዳል። ይህ ሰው መቼ ነው ያያት? እሱ እኮ ሲበላ ዓይኑ የሚያጠናው ወረቀት ላይ ነው፤ ስታናግረው «እም» ነው የሚለው፤ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ስትወጣ አዲስ መሆኑን ያወቀበት ቀን የለም። ለካስ ሲያያት ነው የኖረው። እናቷን ጨምሮ እንዲህ አድርጎ ያያት ሰው በሕይወቷ የለም፤ ትንፋሿን፣ የእጇን ጀርባ፣ የማታውቀውን ትከሻዋን ሳይቀር። ለብቻዋ ቢሰጣት ኖሮ ምን ልታደርገው እንደምትችል አታውቅም። እሱ ግን ወስዶ ለከተማው ሰጠው፤ ከተማውም ጠላው። የባሰው ደግሞ ይኼ አልነበረም። ባሏ ከእሷ በዚህ ሁሉ ትዕግሥት የሰበሰበውን ነገር አይታ «አየሁት» ያለችው ሌላ ሴት ናት። እሷ ተኝታ ነበር። ፊልሙ ሳያልቅ ተነሣች፤ ሴትዮዋ «ኧረ መጨረሻው» እያለች ከኋላዋ ቀረች።

ቤት ስትደርስ ሚጢ ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ አንጥፋ ነጭ ጋዋኗን ትተኩሳለች። ግድግዳው ሥር አንድ ሻንጣ ግማሽ ተሞልቶ ተከፍቷል። ሚስትየው ቦርሳዋን ሳታወርድ በሩ ላይ ቆመች።

«ታውቂ ነበር?»

ሚጢ ካውያውን አቆመችው። «ምኑን?»

«ከማን እንደወሰደው።»

ሚጢ የጋዋኑን እጅጌ አስተካከለች። ስትናገር ቂም አልነበረባትም፤ የቤት ቁጥር እንደምትናገር ነበር።

«እትዬ፣ እኔ እኮ በአንቺ እጅ ነው ያደግኩት።»

ከዚያ ሳትጠየቅ ጥቂት ነገረቻት። ጓደኞቿ ሲራገሙ እሷ የምታስበው በልጅነቷ እየተመለሰባት ከሰባት ጊዜ በላይ የጻፈችውን አንድ ገጽ ነበር፤ ተሠርቶ ያለቀ ፀጉሯ መስመሩ ጠመመ ተብሎ ሲፈታ፣ እንደገና ሲሠራ፣ ትምህርት ቤት ሲረፍድባት። ይህ የሚከነክናት ውለታ ቢስ ስለሆነች ይመስላት ነበር። አዳራሹ ውስጥ ግን፣ በዚሁ ቤት፣ በዚሁ ጠረጴዛ የሚበላ ሌላ ሰውም እንዳየው ገባት። «ብቻዬን አይደለሁም ለካ አልኩ» አለች። «ለዚያ ነው ትናንት ማውራቱን ያበዛሁት። ይቅርታ።» ይቅርታው ከሁሉም ይልቅ አቃጠላት። ረቡዕ ማታ የቀናችው ሁለት ሰዎች ስለ ፊልም ሲያወሩ አይታ ነው፤ ሁለቱ ግን ሲያወሩ የነበረው ስለ እሷ ነበር። በመካከላቸው የማይታይ ነገር አለ ብላ መጠርጠሯ ትክክል ነበረች። ያ ነገር እሷ ራሷ ናት።

ባሏ ሲመጣ እራቱ ቀርቦ ነበር። ሻንጣውን አየ፤ ሚጢን አየ፤ ምንም ሳይጠይቅ ተቀመጠ። ድንች ነበር፤ ዳቦ ነበር።

«ዛሬ ፊልሙን አየሁት» አለች ሚስትየው።

«አይተሽው የለ እንዴ» አለ ባሏ በጥንቃቄ።

«ተኝቼ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ።

ስለዚህ ይህንንም ያውቅ ነበር። ከዚህ በኋላ ዝም ማለት ትችል ነበር፤ ሥራዋ ግን ዝም ማለት አያውቅም። ማንኪያዋን አስቀምጣ አንድ በአንድ ነገረችው፤ ሸሚዝ እንደምታልፍ ከቀኝ ትከሻ ጀምራ። እጁን አስቀድሞ የሚታጠበው ትክክል ነው። በእጁ ጀርባ ኮሌታውን የሚገፋው ትክክል ነው። «እስቲ» የሚላት ትንሽ ትረዝማለች፤ እሷ እንዲያ አታስረዝማትም። ትከሻውን አታውቅም፤ እሱን ሚጢ ታውቀዋለች። ባሏ ዳቦውን እንደያዘ ይሰማታል፤ ፊቱ ላይ ያ የረቡዕ ማታው ነገር ቀስ እያለ ሲመጣ አየችው፤ በዚህ ጊዜ ወደ እሷ ነበር የሚመጣው። ደስ ብሏት እዚያው ልታቆም ይገባት ነበር።

«ሦስተኛው ላይ ግን ስሕተት አለ» አለች። «ምንም አላገኘበትም። ምንም ያላገኘበትን አይመልስም። ሌላውን ሁሉ ከእኔ ወስደሃል፤ ይሄንን ግን ከእኔ አልወሰድክም። እኔ በሕይወቴ ንጹህ ሸሚዝ መልሼ አላውቅም።»

ባሏ ዳቦውን አስቀመጠ። ወደ ሻንጣው አላየም፤ ወደ ሚጢም አላየም፤ ላለማየት ሲጠነቀቅ ግን ይታይ ነበር።

«ፋብሪካ ውስጥ አልመለስሽም» አለ።

ይስቃል ብላ ጠበቀችው። አልሳቀም። የተናገረውም ሊወጋት ፈልጎ አልነበረም፤ ስለ ልብስ ስፋት እንደሚናገር ሰው ነበር የተናገረው። ሚጢ ተነሥታ ገና ያላለቁትን ሳህኖች ሰበሰበች፤ ማንም ተይ አላላትም።

ሚስትየው መኝታ ቤት ገብታ በሩን ገጠም አድርጋ ለአክስቷ ደወለች። ሚጢ አትመጣም፣ ነገሩ ተሰርዟል ልትላት ነበር። አክስትየዋ ግን የመናገር ፋታ አልሰጠቻትም። ልጅቷ ራሷ በምሳ ሰዓት ደውላ እንደነበር፣ መጻሕፍቷን የት እንደምታደርግ ጠይቃ እንደነበር፣ እሷም የጓዳዋን መደርደሪያ አስለቅቃ እንደጨረሰች እየሳቀች ነገረቻት። «ድምፅዋ ደስ ሲል፤ እኔ እንዲህ ደስ ይላታል ብዬ አላሰብኩም ነበር» አለች። ሚስትየው ስልኩን ዘግታ ወጣች። ሚጢ ሻንጣው አጠገብ ተቀምጣ ካልሲ በካልሲ ታጥፋለች።

«ቅሪ» አለቻት። «ፈተናሽ እስኪያልቅ። ከዚያም በኋላ። ምንም አላጠፋሽም።»

ሚጢ ቀና ብላ አየቻት። ዓይኗ ውስጥ የጠበቀችው ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ኖሮ ታስታግሰው ነበር።

«አይ እትዬ» አለች። «ልሂድ።»

ቅዳሜ ባሏ ፍራሹን በጭንቅላቱ፣ ሻንጣውን በእጁ ይዞ እስከ አውቶቡሱ ሸኛት። ሚስትየው መንገድ ላይ የምትበላው ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ቋጠረችላት፤ ቋጠሮውን ሁለተኛ ሳታየው ሰጠቻት። ሚጢ ፈተናዋን አልፋ እዚያው አክስቷ ሰፈር መድኃኒት ቤት ተቀጠረች። ከሄደች ወዲህ ሁለት ጊዜ ልትጠይቃቸው መጥታለች፤ በሁለቱም ጊዜ እንደ እንግዳ ጫማዋን ሳታወልቅ ነው ተቀምጣ የሄደችው።